ሁለት ካርድ በአንድ በር

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ዛሬ የምተርክላችሁ የፍኖተ ሰላም ወሬ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ዳር አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ አለ እንበል። የባለቤቱን ስም አልጠራም፤ ጋሼ ብያቸው ልለፍ። ጋሼ ሀብት ያፈሩት በቡሬ በቆሎና በርበሬ ነው። ጆንያ በመዳፋቸው መታ አድርገው እርጥበቱን የሚያውቁ፣ በሲሚንቶና በብረትም የማይሸወዱ ሰው ናቸው። ያልገባቸው ነገር ቢኖር በየበሩ የተለጠፈችው ጥቁር ሳጥን ናት።

ሳጥኗ ካርድ አንባቢ ናት፤ ባለሙያዎቹ ሪደር ይሏታል። ሕንጻው ሲያልቅ አንድ ሰው ገጥሟት ሄደ፤ ለተከራይ ሁሉ ወፈር ያለ ነጭ ካርድ ታደለ። ካርዱን ጠጋ ሲያደርጉት ጢጥ ትላለች፣ በሩ ይለቃል። ዓመታት እንዲሁ አለፉ።

በ2013 ዓ.ም ቡሬ ላይ የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ ተመረቀ፤ የተቀናጀው አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም በዚያው ዓመት ተከፈተ። አካባቢው ቢሮ ፈላጊ አላጣም። ታዲያ አንድ ቀን ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነ ድርጅት መጣና ሁለተኛውን ፎቅ ልከራይ አለ። ኪራዩ ተስማማ፤ ካርዱ ግን አልተስማማም። ሠራተኞቹ የራሳቸው ካርድ አላቸው፤ ወደ ሳጥኗ ቢያስጠጉት ጭጭ አለች።

ጋሼ ልጅ እግር ቴክኒሺያን አስጠሩ።

«ጋሼ፣ የርስዎ ሪደር የሚሰማው በ125 ኪሎ ኸርዝ ነው፤ የእነሱ ካርድ የሚናገረው በ13.56 ሜጋ ኸርዝ። አይገናኙም።»

«ታዲያ ሁለተኛ ሳጥን እንለጥፋ!»

«ሁለቱንም የምትሰማ አንድ ሳጥን አለች፤ መልቲ ቴክኖሎጂ ትባላለች። ግን አስቀድሜ አንድ ነገር ላሳይዎት።»

ልጁ የዘበኛውን ካርድ ተቀበለ። ከቦርሳው የቴሌቪዥን ሪሞት የምታክል ነገር አወጣ፤ ካርዱ ላይ አስጠጋና አንድ ቁልፍ ተጫነ። ከዚያ ምንም ያልተጻፈበት ባዶ ካርድ አመጣና ሌላኛውን ቁልፍ ተጫነ። በባዶው ካርድ ሄዶ የጋሼን ቢሮ ከፈተው። ዘበኛው አማተቡ። ጋሼም ለአፍታ ዝም ብለው፣ «ይሄ ዕቃ በገበያ ይሸጣል?» ሲሉ ጠየቁ። ይሸጣላ! ውድም አይደለ። የድሮው ካርድ ምስጢር የሚባል ነገር የለውም፤ ለጠየቀው ሁሉ ቁጥሩን ይለፈልፋል።

አዲሱ ካርድ ሁሉ ደኅና ነው ብላችሁ ግን እንዳትሸወዱ። በፈረንጆች 1994 የወጣው ማይፌር ክላሲክ የሚባለው ካርድ በ13.56 የሚሠራ ነው፤ የለንደን አውቶቡስና ባቡር ሳይቀር ተሳፍሮበታል። በ2008 በኔዘርላንድ የራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ምስጢራዊ ቀመሩን ፈቱት። ቺፑን የሚሠራው ኤንኤክስፒ ጽሑፉ እንዳይታተም ፍርድ ቤት ቢሄድም ዳኞቹ አልፈቀዱለትም። ጽሑፉ ወጣ፤ ካርዱ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ይሸጣል። ዴስፋየር የሚባሉት ኋላ የመጡት ካርዶች ጠንከር ያሉ ናቸው።

ጋሼ ፕሮፎርማ ሰበሰቡ። ዋጋው ተራራቀባቸው፤ የረከሰውም የተወደደውም «ሁለቱንም ያነባል» ይላል። ብዙ ገዢ የሚሸወደው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ርካሹ ሪደር ከአዲሱ ካርድ የሚያነበው ላዩ ላይ ያለውን ተራ ቁጥር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያ ቁጥር ደግሞ እንደ ድሮው ካርድ ይቀዳል። ደኅናው ሪደር ካርዱ ውስጥ የተቆለፈውን በምስጢር ቁልፍ ከፍቶ ነው የሚያነበው። ልጁ ይህን ሲያስረዳ ጋሼ ቶሎ ብለው፣ «ቁልፉ በማን እጅ ነው የሚቀመጥ?» አሉ። ሰውየው የሰበካ ጉባኤ አባል ናቸው፤ የሙዳየ ምጽዋት ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ እንደማይተው ያውቃሉ። ልጁ ሳቀ፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይህን የጠየቀው ደንበኛ አልነበረም። ቁልፉ ሻጩ ጋ ብቻ ከቀረ ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን ካርድ ከእሱ ብቻ ሊገዙ ነው።

ቀጥሎ ልጁ የድሮዋን ሳጥን ብሎን ፈታ። ከግድግዳው ቀይ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴና ነጭ ሽቦ ብቅ አለ። ቀይና ጥቁሩ መብራት ነው፤ አረንጓዴና ነጩ የካርዱን ቁጥር ወደ ኮንትሮለሩ፣ ማለትም ቁጥሩን አይቶ በሩን ወደሚከፍተው ሳጥን፣ ይወስዳሉ። ይህ የሽቦ አሠራር ዊጋንድ ይባላል፤ ከ1970ዎቹ የፈረንጆች ዘመን ጀምሮ የመጣ ነው። በተለመደው ባለ 26 ቢት አሠራር የካርድ ቁጥር ከ65,535 አያልፍም፣ የሕንጻ መለያውም ከ255 አይበልጥም፤ ስለዚህ ሌላ ከተማ ያለ ካርድ ከጋሼ ካርድ ጋር አንድ ዓይነት ቁጥር ቢይዝ አይገርምም። ከዚህ የባሰው ግን ቁጥሩ በሽቦው ላይ ራቁቱን መሄዱ ነው፤ ሳጥኗን ፈትቶ ሽቦውን የጠለፈ ሰው ይሰማዋል። ኦኤስዲፒ የሚባለው አዲሱ አሠራር ግን መልእክቱን መስጥሮ መላክ ይችላል፤ ሪደሩም ኮንትሮለሩም ሊያውቁት ይገባል እንጂ። ካርዱን አጠንክሮ ሽቦውን እንደነበረ መተው ምን የሚሉት ነው?

ድርጅቱ ደግሞ «በስልክ ይከፈትልን» አለ። ጋሼ በዚህ አልተስማሙም፤ እኔም እዚህ ላይ ከሳቸው ጋር ነኝ። ስልኩ በሩን በብሉቱዝ ሲከፍት ኢንተርኔት ላይፈልግ ይችላል፤ ለአዲስ ሠራተኛ መክፈቻ ለመላክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይፈለጋል። በ2015 ዓ.ም ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንደቆየ የማያስታውስ የለም። ስለዚህ የስም ዝርዝሩ እዚያው ሕንጻ ውስጥ ባለው ኮንትሮለር እንዲቀመጥ ተወሰነ፣ 12 ቮልት ባትሪም ተጨመረ። የማግኔት መቆለፊያ መብራት ሲጠፋ ይለቃል፤ ለእሳት አደጋ ጥሩ፣ ለሌባም ጥሩ። ስለዚህ የሕንጻው መጋዘን በር፣ መብራት ቢጠፋም ከውጭ ተቆልፎ በሚቀር፣ ከውስጥ ግን እጀታው በሚከፍት መቆለፊያ ተቀየረ።

መልቲ ቴክኖሎጂዋ ሪደር ተገጠመች። የድሮውም የአዲሱም ካርድ ጢጥ አለ፤ ሁሉም ተደሰተ፣ ከልጁ በቀር።

«ጋሼ፣ የ125ቱ ጆሮ ክፍት እስካለ ድረስ ያቺ ሪሞቴ አሁንም ቢሮዎን ትከፍታለች። ይቺ ሪደር ጊዜ ገዛችልዎት እንጂ በሩን ገና አልዘጋችም። የሚዘጋበትን ቀን ይቁረጡ።»

ተከራዮቹ አጉረመረሙ፤ ካርድ ማን ይመልስ፣ አዲሱንስ ማን ይክፈል? ጋሼ ወጪውን ራሳቸው ቻሉና የመስቀል ማግስት ብለው ቆረጡ። በየደረጃው ማስታወቂያ ተለጠፈ። ዘበኛው አዲሱን ካርድ ቀድመው ወሰዱ።

የመስቀል ማግስት ጧት ልጁ የድሮውን ጆሮ አጠፋ። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ።

«አንተ ልጅ፣ በሬ እምቢ አለኝ!»

«የቱን ካርድ ይዘው ነው ጋሼ?»

«ያንኑ የድሮውን ነዋ! የኔንም ዘጋኸው?»

«የርስዎንም ጋሼ። አዲሱ ዘበኛው ጋ አለ፤ ፈርመው ይውሰዱ።»