ሳንኪ፣ አይራ ዴቪድ

አይራ ዴቪድ ሳንኪ (እ.ኤ.አ. 1840–1908) ከሰባኪው ድዋይት ሙዲ ጋር አገር ላገር እየዞረ ወንጌልን በዜማ ያሰማ አሜሪካዊ ዘማሪና የዜማ ደራሲ ነው። ፔንሲልቬንያ ተወልዶ በእርስ በርስ ጦርነቱ በወታደርነት፣ ኋላም በግብር ሰብሳቢነት አገልግሏል። ከሙዲ ጋር በ1870 ኢንዲያናፖሊስ ላይ በተካሄደ የክርስቲያን ወጣቶች ማኅበር ጉባኤ ተዋወቀ፤ ብዙም ሳይቆይ የመንግሥት ሥራውን ትቶ ተከተለው።

በ1873 ሁለቱ ለስብከት ተጋብዘው እንግሊዝ ውስጥ ሊቨርፑል ሲደርሱ ከጋበዟቸው ሰዎች ሁለቱ ሞተው ጠበቋቸው። ዮርክ ላይ በጥቂት አድማጭ የተጀመረው ጉዞ ግን እስከ 1875 ዘልቆ የለንደንን ሰፋፊ አዳራሾች ሞላ፤ ለዚህም ዘማሪው ከሰባኪው ያላነሰ ድርሻ ነበረው። ሳንኪ በእግር እየተረገጠ የሚነፋ ትንሽ ኦርጋን ፊት ተቀምጦ፣ ቃላቱን እያጠራ ይዘምር ነበር። በአምልኮ ላይ ከመዝሙረ ዳዊት ሌላ ዝማሬም ሆነ የሙዚቃ መሣሪያ ላልለመዱ ብዙ የስኮትላንድ ምእመናን ይህ እንግዳ ነገር ነበር።

በ1874 ከግላስጎው ወደ ኤዲንብራ በባቡር ሲጓዝ፣ ከገዛው ጋዜጣ ላይ ስለ ጠፋው በግ የሚናገር የኤልሳቤጥ ክሌፌን ግጥም ቆርጦ ኪሱ ከተተ። ራሱ እንደተረከው፣ ሙዲ ስለ መልካሙ እረኛ ሰብኮ መዝሙር ሲጠይቀው ቁራጩን ኦርጋኑ ላይ አስቀምጦ ዜማውን እዚያው አወጣለት። ከዜማዎቹ ሁሉ የገነነውም ይኸው ነው።

ሳንኪ ካዘጋጃቸው የመዝሙር መጻሕፍት የተገኘው ገቢ በከፊል ሙዲ በኖርዝፊልድ ላቋቋማቸው ትምህርት ቤቶች ዋለ። ሳንኪ በ1903 የዓይን ብርሃኑን አጥቶ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ብሩክሊን ውስጥ ዐረፈ።