ስታክና ሂፕ፦ ሁለቱ የማኅደረ ትውስታ ክፍሎች

አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም በሥራ ላይ ሳለ መረጃዎቹን በዋናነት የሚያኖረው ስታክና ሂፕ በተሰኙ ሁለት የማኅደረ ትውስታ ክፍሎች ነው።

ስታክ እንደተደራረበ ሳህን ነው፤ መጨረሻ የተቀመጠው አስቀድሞ ይነሣል። አንድ ፈንክሽን ሲጠራ ጊዜያዊ መረጃዎቹ ከላይ ይደረደራሉ፤ ሥራውን ሲፈጽም ቦታው ወዲያው ይለቀቃል። አሠራሩ ፈጣን ቢሆንም ስፋቱ ውስን ነው፤ በሊኑክስ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 ሜጋባይት አይበልጥም።

ሂፕ በአንጻሩ መጠናቸው አስቀድሞ ያልታወቀ ወይም ፈንክሽኑ ካበቃ በኋላም የሚፈለጉ መረጃዎች ማረፊያ ነው። በሲ ቋንቋ ቦታውን የሚጠይቀውም የሚመልሰውም ፕሮግራመሩ ነው፤ ሳይመልስ ከቀረ ማኅደረ ትውስታው እየተሟጠጠ ይሄዳል። ጃቫና ፓይተን ግን ይህን የማጽዳት ሥራ በራሳቸው ያከናውናሉ።

የተመደበውን ወሰን ማለፍ በሁለቱም ዘንድ አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የሞሪስ ትል የተባለው ፕሮግራም በኢንተርኔት ከተዛመተባቸው መንገዶች አንዱ ስታክን ከልኩ በላይ መሙላት ነበር። በ2014 ይፋ የሆነው ሃርትብሊድ የተሰኘው የኦፕንኤስኤስኤል ጉድለት ደግሞ በአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት የሚደርስ የሂፕ ይዘትን፣ የይለፍ ቃልንና ምስጢራዊ ቁልፍን ጨምሮ፣ ለባዕድ እጅ ሊያጋልጥ ይችል ነበር። በሁለቱም ጊዜ የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ የመረጃውን ርዝመት አስቀድሞ ማረጋገጥ።