በአሮጌ መኪና ውስጥ የሚገባው ውሃ ከየት ነው?

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጠዋት የመኪናዎን በር ሲከፍቱ የረጠበ ጆንያ ሽታ ከተቀበለዎት፣ መስታወቱ ከውስጥ ላብ ከያዘ፣ ምንጣፉም ሲረገጥ ውሃ የሚተፋ ከሆነ መኪናዎ ያፈሳል ማለት ነው፡፡ ብዙ ሰው ፀሐይ እስኪወጣ ይታገስና በሮቹን ከፍቶ አድርቆ ይረሳዋል፡፡ ይሁን እንጂ ከምንጣፉ ሥር ያለው ወፍራም ስፖንጅ ላዩ ደርቆ እያለ እንኳ ብዙ ውሃ ይዞ ሊከርም ይችላል፡፡ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች የሚያልፉት በዚያው ሥር ነው፡፡ በአንዳንድ መኪኖች የሞተሩ ኮምፒዩተር ሳይቀር የሚገኘው በተሳፋሪው እግር አካባቢ ነው፡፡ ወለሉም ከውስጥ ወደ ውጭ እየዛገ ስለሚሄድ ባለቤቱ የሚያውቀው ላሜራው ከተበሳ በኋላ ነው፡፡

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ ካስወደደው፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ በእጁ ያለችውን ኮሮላ ወይም ቪትዝ አቆይቶ መንዳት ግድ የሆነበት ባለመኪና ብዙ ነው፡፡ ለእንዲህ ዓይነቱ ባለመኪና የሚያፈሰውን ቦታ ማግኘት የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም፡፡

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት ነገር ውሃው የታየበት ቦታና የገባበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ አለመገናኘታቸው ነው፡፡ ከፊት መስታወቱ ጥግ የገባ ጠብታ በሽቦ ላይ ተንሸራቶ፣ በምንጣፉ ሥር አልፎ ከኋላ ወንበር ግርጌ ሊጠራቀም ይችላል፡፡ የመኪናው አቋቋም ራሱ ለውጥ ያመጣል፡፡ እንደ አዲስ አበባ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት ከተማ፣ ሽቅብ ቆሞ ያደረ መኪና ኋላው ሲረጥብ፣ ያው መኪና ቁልቁል ሲቆም ፊቱ ይረጥባል፡፡ ስለዚህ ዝናብ የመታው ቀን መኪናው እንዴት ቆሞ እንደነበር ያስታውሱ፡፡

ሁሉም ውሃ ደግሞ ዝናብ አይደለም፡፡ እርጥበቱ በበጋም የሚታይ ከሆነና ጣት ሲነካው የሚያሟልጭ፣ ጣፈጥ ያለ ሽታና ቀለም ያለው ከሆነ፣ ከማሞቂያው የሚፈስ የራዲያተር ኩላንት ነው፡፡ የፊት መስታወቱ ቅባት ባለው ጉም መሸፈኑ ሌላው ምልክት ነው፡፡ ንጹሕ ውሃ ሆኖ ኤሲ በተከፈተ ቀን ብቻ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ የኤሲው የውሃ መውረጃ ቱቦ ተደፍኗል፡፡ እነዚህ ሁለቱ የመካኒክ ሥራ ናቸው፤ መስታወትና በር መነካካት አያስፈልግም፡፡

ዝናብ መሆኑ ከተረጋገጠ ሥራው የሚጀምረው ከማድረቅ ነው፡፡ እርጥብ በሆነ ነገር ላይ አዲስ ውሃ መለየት አይቻልም፡፡ የእግር ጎማውን ያውጡ፣ በበሩ ደፍ ላይ ያለውን ፕላስቲክ በካቻቢቴ ቀስ ብለው ያላቁ፣ ምንጣፉን ያንሱና ሥሩን ያድርቁ፡፡ ከዚያ በወለሉ ላይ ደረቅ ጋዜጣ ያንጥፉ (አንብበው የጨረሱትን ቢሆን ይመረጣል)፡፡ የመጀመሪያው ጠብታ ያረፈበት ቦታ በወረቀቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፡፡

ምርመራው ሁለት ሰው ይፈልጋል፡፡ አንዱ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሌላው በውሃ ጎማ ከውጭ ያፈሳል፡፡ የላቫጆ ማሽን ግን አይሞከርም፤ ግፊቱ ደህናውን ጎማ ሳይቀር አልፎ ስለሚገባ ያሳስታል፡፡ ውሃው ዝም ብሎ የሚወርድ ይሁን፡፡ የሚጀመረውም ከታች ነው፡፡ ከጣሪያው ከተጀመረ ውሃው በሁሉም ቦታ ስለሚወርድ የትኛው እንዳስገባ መለየት አይቻልም፡፡ በአንድ ቦታ አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ይቆዩ፤ ካልገባ ወደ ላይ ከፍ ይበሉ፡፡ ትዕግሥት ያጣ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፡፡

በብዛት ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው ከፊት መስታወቱ ግርጌ፣ የዝናብ መጥረጊያዎቹ ከተተከሉበት ፕላስቲክ ሥር ያለው ገንዳ ነው፡፡ ዝናቡ ወደዚያ ይወርድና በግራና በቀኝ ባሉት ቀዳዳዎች ወደ መሬት ይወጣል፡፡ ከባሕር ዛፍና ከጽድ ሥር የሚያድር መኪና ቀዳዳዎቹ በቅጠል ይደፈናሉ፤ ገንዳው ይሞላል፤ ውሃው በአየር ማስገቢያው በኩል ወደ ውስጥ ይገለበጣል፡፡ በአብዛኞቹ የጃፓን መኪኖች የአየር ማራገቢያው ከዳሽቦርዱ መሳቢያ ጀርባ ስለሆነ የሚረጥበው የተሳፋሪው እግር ነው፡፡ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ አሮጌ ኮሮላ በአንድ ክረምት ሁለት ጊዜ በመስታወቱ ዙሪያ ሲሊኮን ተቀብቶላት ነበር፡፡ ሁለቱንም ጊዜ ተከፍሎበታል፡፡ በመጨረሻ የተገኘው ግን አንድ እፍኝ የበሰበሰ ቅጠል ነው፡፡

ቀጥሎ በሮቹ ናቸው፡፡ በመስታወቱ ጠርዝ በኩል ዝናብ ወደ በሩ ሆድ መግባቱ ጉድለት አይደለም፤ የተሠራው እንዲያ ሆኖ ነው፡፡ ውሃው ከበሩ በታች ባሉት ቀዳዳዎች እንዲወጣ፣ ወደ ውስጥ እንዳያልፍም ከበሩ ልብስ ጀርባ የተለጠፈ ላስቲክ አለ፡፡ ስፒከር ያስገባ፣ የመስታወት ማንሻ የጠገነ ወይም አላርም የገጠመ ሁሉ ይህን ላስቲክ ቀድዶ ሳይመልሰው ይሄዳል፡፡ ውጤቱ ጠርዙ የረጠበ ምንጣፍ ነው፡፡ የበሩን ዙሪያ ጎማ ለመፈተን ደግሞ ወረቀት አስገብቶ በሩን መዝጋትና መጎተት ነው፤ ያለ ምንም መያዝ ከወጣ ጎማው ሞቷል ወይም በሩ ተዛንፏል፡፡

መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ የመጡ መኪኖች የራሳቸው ችግር አላቸው፡፡ ሞተሩን ከውስጡ በሚለየው ላሜራ ላይ የቀድሞው መሪና ፍሬን ያለፉባቸው ቀዳዳዎች በደንብ ካልተደፈኑ ከመንገድ የሚረጭ ውሃ ያስገባሉ፡፡ የጣሪያ መስኮት ያለው መኪና ከሆነ በማዕዘኖቹ ያሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ይፈተሹ፡፡ በስኮርታው ጎድጓዳ ውስጥ ውሃ ከተገኘ ከኋላ መብራቶቹ ጎማና ከኋላ ኮፈኑ ላስቲክ ይጀመር፡፡

ለጥገናው ተራውን ሲሊኮን ያስወግዱ፡፡ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት በተላጠ ላሜራ ላይ ሲያርፍ ዝገቱን ያፋጥናል፤ በኋላም ትክክለኛው ማጣበቂያ እንዳይዝ ያደርጋል፡፡ የፊት መስታወት የሚያፈስ ከሆነ ትክክለኛው ሥራ መስታወቱን አውልቆ፣ ዝገቱን አጽድቶ፣ ቀለም ቀብቶ በመስታወት ማጣበቂያ መመለስ ነው፡፡ ዝገትን በስቱኮ ሸፍኖ የሚመልስ ባትላሜራ ካጋጠመዎት ሥራው እስከሚቀጥለው ክረምት ቢቆይ ነው፡፡

ያገለገለ መኪና ሊገዙ የሚሄዱ ሰዎች ደግሞ ሽያጩ በበጋ ከሆነ ይበልጥ ይጠንቀቁ፡፡ የስኮርታውን ምንጣፍ አንስተው ይዩ፣ የወንበሮቹን ብሎኖች ዝገት ይመልከቱ፣ የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ይሳቡ፡፡ ጎርፍ የገባበት መኪና ምንጣፉ ቢታጠብም በቀበቶው ጫፍ ላይ የጭቃው መስመር ብዙ ጊዜ ይቀራል፡፡