ሦስት ሆታ ለውሾቹ

ዐፄ ምኒልክ በሕመም አልጋ ላይ ሳሉ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1904 ዓ.ም.፣ ኖርዌያዊው ሮአልድ አሙንድሰን ከአራት ባልደረቦቹ ጋር በምድር ደቡባዊ ዋልታ ሰንደቅ ዓላማውን መትከሉ፣ እንግሊዛዊው ካፒቴን ስኮትም ከወር በኋላ ደርሶ በመመለሻው ከነጓደኞቹ ማለቁ በዓለም ሁሉ የታወቀ ስለ ሆነ ቃል ማብዛት አያሻም። ሰረገላውን የሳቡት ውሾች ነገር ግን ገና ሲያከራክር ይኖራል።

አሙንድሰን ዛሬ ኦስሎ ከምትባለው ከክርስቲያኒያ በ1910 (እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) ፍራም በተባለችው መርከብ ተነሥቶ፣ ከግሪንላንድ የመጡለትን 97 ውሾች በደቡብ ኖርዌይ ጠረፍ አሳፈረ፤ በባሕር ላይ የተወለዱት ቡችሎች ተጨምረው የበረዶው ዳርቻ ሲደርሱ 116 ሆኑ። ለወራት ከመብላትና ከመተኛት በቀር ሥራ የማያውቁት እነዚህ እንስሳት በመጀመሪያው ቀን ጠፍር ታጥቀው ከሰረገላው ፊት በተሰለፉ ጊዜ፣ ቀንበር ያልለመደ ወይፈን ትልም መካከል እንደሚተኛ ሁሉ፣ ቁጢጥ ብለው ትክ ብለው ተያዩ፤ ቀጥለውም እርስ በርሳቸው ተናከሱ። ይህን አሙንድሰን ራሱ ሳያፍር ጽፎታል።

ውሻን ለመጎተት የሚያገራ ሰው አስቀድሞ ጠፍሩ ጉሮሮ እንዳያንቅ፣ ሸክሙም በደረትና በትከሻ ላይ እንዲያርፍ ያደርጋል፤ ከዚያም በቀላል ጭነት አስጀምሮ፣ የሚጣሉትን አራርቆ፣ የሚስማሙትን ጎን ለጎን ያሰልፋል። ውሾቹም ስንቅ ወደ 80ኛው፣ ወደ 81ኛውና ወደ 82ኛው የኬክሮስ መስመር ሲያመላልሱ ሥራውን ለመዱ። ክረምቱ ጨለማ ነበረ፤ የአቆስጣ ሥጋም በልተው ከረሙ። በጥቅምት 52ቱ አራት ሰረገላ ይዘው ወጡ፤ የተመለሱት 11 ብቻ ናቸው። 24ቱ በመንገዳቸው ካለው ተራራ አናት ላይ በታሰበበት ዕቅድ ተገድለው ለሰውም ለውሻም ምግብ ሆኑ።

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ። አሙንድሰን በ1927 ባወጣው የሕይወት ታሪኩ፣ በለንደን በተደረገለት ግብዣ ላይ የንጉሣዊው የጂኦግራፊ ማኅበር ሊቀ መንበር ሎርድ ኩርዞን ለእርሱ ሳይሆን ለውሾቹ ሦስት ጊዜ ሆታ እንዲደረግ ጠይቆ አዋርዶኛል ሲል ከሰሰ። ያን ጊዜ ኩርዞን ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ማኅበሩ ይቅርታ እንዲጠይቅ ቢያሳስበው አሙንድሰን እምቢ ብሎ የክብር አባልነቱን ተወ። በማኅበሩ መጽሔት የታተመው ንግግር ግን ሌላ መልክ አለው፦ ያለ እነርሱ አሙንድሰን ከዋልታው ባልደረሰም ነበርና ውሾቹንም በምስጋናው ብናካትታቸው እወድ ነበር የሚል፣ በፍቅር የተነገረ ቃል ነው። ከ15 ዓመት በኋላ በቂም ከተጻፈ ትዝታ ይልቅ የዚያን ጊዜው ጽሑፍ ይታመናል። ሆኖም በእንግሊዞች ዘንድ ሰረገላን በገዛ ትከሻ መሳብ ከፍ ያለ ክብር ይቆጠር ስለ ነበረ፣ ውሻን ማመስገን ለአሙንድሰን ጆሮ ስድብ መስሎ ቢሰማው አይፈረድበትም።

ፍራም ዛሬ በኦስሎ፣ ቢግዶይ በተባለው ስፍራ፣ በስሟ በተሠራው ሙዚየም ውስጥ ቆማለች። ወደ ደቡብ ዋልታ አህጉር ግን በ1991 በተፈረመው ፕሮቶኮል ውሻ ማስገባት ተከልክሎ የመጨረሻዎቹ በ1994 ወጥተዋል፤ ከኦስሎ ከተማ በስተ ሰሜን ባለው በኖርድማርካ ደን ውስጥ ደግሞ በበረዶ ወራት የኦስሎ ሰው ጠፍሩን በወገቡ ታጥቆ፣ ውሻውን አስቀድሞ፣ በስኪ ይንሸራተታል።