«ፕላዝማ ከሆነ ወደ ቤቴ አይገባም»

ባለፈው ዓመት በወላጆቼ ቤት ሳሎን ለብዙ ዘመን ያገለገለው፣ ከኋላው እንደ ሣጥን የወጣው አሮጌ ቴሌቪዥን ጨርሶ ዝም አለ። ጠጋኙ ከፍቶ ካየው በኋላ «የዚህ ዕቃ ከገበያ ጠፍቷል» ብሎ መለሰልን። እኔም ከደመወዜ ጥቂት አጠራቅሜ ስለነበር በሚመጣው ቅዳሜ አዲስ እንደምገዛላቸው ነገርኳቸው። እናቴ መረቀችኝ። አባቴ ግን መነጽሩን አውልቆ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ «ፕላዝማ ከሆነ ወደ ቤቴ አይገባም።»

ውድ አንባቢ፣ ይህን ንግግር የሌላ አገር ሰው ቢሰማው ሽማግሌው ስለ መብራት ክፍያ የተጨነቀ ይመስለው ይሆናል። በእኛ አገር ግን ቃሉ ሌላ ታሪክ ተሸክሟል። ከ1997 ዓ.ም. አንሥቶ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የገባው ጠፍጣፋ መስኮት ስሙ ፕላዝማ ነበር፤ በሳተላይት የሚተላለፈው የእንግሊዝኛ ትምህርትም ፕላዝማ ይባል ነበር። አባቴ የፊዚክስ መምህር ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ጠመኔ ይዞ የቆመ ሰው፣ በአንድ ክረምት ማግሥት ሥራው መስኮቱን ማብራት፣ በመግቢያና በመዝጊያ በተተወለት ጥቂት ደቂቃ ያመለጠውን መልቀም ሆነ። እኔም በ1998 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ስገባ የጠበቀኝ ይኸው ነበር። ጥያቄው ይመጣል፤ ገና በደብተራችን ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱ ይከተላል። እውነቱን ለመናገር፣ ላቦራቶሪ ባልነበረው ትምህርት ቤታችን ዓይተነው የማናውቀውን ሙከራ ያሳየን እርሱ ነው። ነገር ግን «አልገባኝም» ብሎ የሚያስቆመው አልነበረም።

ቅዳሜ መርካቶ ወረድሁ። ነጋዴው በግድግዳው የተደረደሩትን ሁሉ በአንድ ስም «ፕላዝማ» እያለ ዋጋ ይጠራልኝ ጀመር። ካርቶኑን አገላብጬ ባነብ አንዱም ፕላዝማ አልነበረም። ሳልገዛ ተመለስሁ። በባንክ መስኮት ቁጥር ስመረምር የምውል ሰው ነኝና፣ ምን እንደምከፍልበት ሳላውቅ መክፈል ይከብደኛል። ማታ ማታ ስለ ነገሩ ማንበብ ያዝሁ፤ ያገኘሁትም ካሰብሁት የራቀ ሆነ።

ፕላዝማ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ነው። ፈልሳፊዎቹ ዶናልድ ቢትዘር፣ ጂን ስሎቶው እና የዚያን ጊዜ ተማሪያቸው ሮበርት ዊልሰን ናቸው። የፈለሰፉትም ለሳሎን መዝናኛ አልነበረም፤ ፕላቶ ለተባለ፣ በኮምፒዩተር ለማስተማር ለታሰበ ሥርዓት ነበር። የዘመኑ የቴሌቪዥን መስኮት ሥዕሉ እንዳይጠፋ ያለማቋረጥ መታደስ ነበረበት፤ ለዚህ የሚያስፈልገው የኮምፒዩተር ማኅደረ ትውስታ ደግሞ ዋጋው አይቀመስም ነበር። እነርሱም በሁለት መስታወቶች መካከል በጋዝ የተሞሉ ጥቃቅን ጉድጓዶችን አበጁ። ኤሌክትሪክ የነካው ነጥብ ይበራል፤ አንዴ ከበራም ሌላ ትእዛዝ እስኪመጣ በርቶ ይቆያል። መስኮቱ ራሱ ያስታውሳል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1972 አካባቢ የወጣው የፕላቶ አራተኛው ትውልድ ብርቱካናማ ብርሃን ያለው የፕላዝማ መስኮት ነበረው። ተማሪው መስታወቱን በጣቱ ነክቶ ይመልሳል፤ መኪናው መልሱን ይጠብቃል፤ ተማሪው ከሳተ ዳግም ይሞክራል። ከአርባ ዓመት በኋላ ወደ ክፍላችን ገብቶ አባቴን ከጠመኔው የለየው ዕቃ፣ ከመጀመሪያውም ለመማሪያ ክፍል የተፈጠረ ኖሯል!

ተቀናቃኙ ኤልሲዲ ደግሞ ሥሩ ከዚያ ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ1888 ፍሬድሪክ ራይኒትዘር የተባለ ኦስትሪያዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ከካሮት ካገኘው ኮሌስትሮል የተሠራ ነገር ሲያሞቅ፣ ሁለት ጊዜ ሲቀልጥ አየ። በ145.5 ዲግሪ ቀልጦ ይደፈርሳል፤ በ178.5 ዲግሪ ይጠራል። ግራ ቢገባው ለጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ለኦቶ ሌማን ጻፈለት፤ «ፈሳሽ ክሪስታል» የሚለው ስያሜም ከዚህ ምርምር ተወለደ። ነገሩ ግን ለአሥርት ዓመታት ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። ጆርጅ ሃይልማየር በአሜሪካው አርሲኤ ኩባንያ ውስጥ በኤሌክትሪክ ሊያዝዘው መቻሉን ያየው እ.ኤ.አ. በዚያው በ1964 ነው። ያ ዓመት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረበትም ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት 1957 ዓ.ም.።

የሁለቱ ልዩነት በአጭሩ ይህ ነው። በፕላዝማ እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ ያበራል። ኤልሲዲ ግን የራሱ ብርሃን የለውም፤ ፈሳሽ ክሪስታሉ ከኋላው የበራውን መብራት እንደ መጋረጃ እየከፈተና እየዘጋ ያሳልፋል። ስለዚህ በጨለማ ክፍል የፕላዝማ ጥቁር ይበልጥ ጥቁር ነበር፤ እንቅስቃሴውም የጠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ገበያ የወጣው ባለ 42 ኢንች ፕላዝማ ወደ 15,000 ዶላር ያወጣ ነበር።

ታዲያ የተሻለ ሥዕል ያለው ስለ ምን ተሸነፈ? ኤልሲዲ ከትንሹ ስለ ጀመረ ነው። በ1970ዎቹ በሒሳብ ማሽንና በእጅ ሰዓት ገባ፤ ቀጥሎ በተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር፣ ቀጥሎ በስልክ። ፋብሪካው እየሰፋ ዋጋው ረከሰ። ፕላዝማ ግን በትንሽ መጠን ለመሥራት አስቸጋሪ ነበር፤ ይከብዳል፤ ይሞቃል፤ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል። በብርሃን በተጥለቀለቀ ሱቅም ከኤልሲዲ ጎን ሲቆም የደበዘዘ ይመስላል፤ ገዢ ደግሞ የሚመርጠው በሱቁ ብርሃን ነው። ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ፕላዝማ ማምረቱን አቆመ፤ ሳምሰንግና ኤልጂ በ2014 ተከተሉት። ነጋዴው ዛሬም የሚጠራው ስም ባለቤቱ የሞተበት ስም ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በፕላዝማ መስታወቶች መካከል ያለው ጋዝ ግፊቱ ከውጭው አየር ያነሰ ነው። በከፍታ ቦታ የውጭው አየር ሲሳሳ ሁለቱን መስታወቶች አጥብቆ የሚይዘው ኃይል ይቀንሳል፤ መስኮቱም መጮህ ይጀምራል። አምራቾች በመመሪያቸው ስለዚህ ያስጠነቅቁ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ትገኛለች። ይህን ሳነብ በክፍላችን ከትምህርቱ ሥር ሥር እንደ ንብ ይሰማ የነበረው ጥዝታ ትዝ አለኝ። ምናልባት ያ ዕቃ እኛ ሳንሰማው የቦታውን እንግድነት እየነገረን ኖሯል።

እንግዲህ ምርጫዬን ልናገር። ዛሬ ገበያው ያለው በሁለት መካከል ነው። አንደኛው በኤልኢዲ መብራት የሚሠራው ኤልሲዲ ነው፤ ኪውኤልኢዲ የሚባለውም የዚሁ ወገን ነው። ሁለተኛው ኦኤልኢዲ ነው። መሠረቱን ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ በኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1987 ጣሉ፤ እንደ ፕላዝማ እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ ስለሚያበራ ጥቁሩ ፍጹም ጥቁር ነው። የፕላዝማን ደካማ ጎን ግን አብሮ ወርሷል፤ አንድ ምስል ሳይነቃነቅ ለብዙ ጊዜ ከቆየበት ጠባሳ ሊተውበት ይችላል። እናቴ ከጠዋት እስከ ማታ ከአንድ ጣቢያ የማትነቃነቅ ሴት ናት፤ የጣቢያው ዓርማም ከማዕዘኑ አይነቃነቅም። ሳሎኑ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይገባዋል። የከተማችን መብራትም ከፍ ዝቅ ማለቱን አልተወም። ስለዚህ ባለ 43 ኢንች ኤልኢዲ ከነስታብላይዘሩ ገዛሁ። በጨለማ ፊልም የሚያይ ሰው ኦኤልኢዲን ቢመርጥ አልፈርድበትም።

ቴሌቪዥኑን ከሰቀልን በኋላ ለአባቴ ይህን ሁሉ ተረክሁለት፤ ፕላዝማ ለተማሪ እንደ ተፈጠረም ነገርሁት። ጸጥ ብሎ ሰማኝ። በመጨረሻ እንደ ጥንቱ፣ በሰሌዳ ፊት እንደ ቆመ ሰው ጠየቀኝ፤

«ልጁ እስኪመልስ ይጠብቀው ነበር?»

«አዎን አባዬ፤ ይጠብቀው ነበር።»

«እንግዲያው ወደ እኛ የመጣው መስታወቱ ብቻ ነው፤ ትዕግሥቱ እዚያው ቀርቷል።»

ከዚያ በኋላ ዜና ከፈተ። እኔም ወደ ቤቴ ስመለስ በታክሲ ውስጥ እነዚህን ስንኞች ቋጠርሁ።

ብርሃንማ ነበር ከመስኮቱ ላይ፣
ቀለሙም የደመቀ እንደ መስከረም ፀሐይ፤
መምህሬ ግን እርሱ፣ ነጭ ሆኖ በጠመኔ አቧራ፣
«ገብቶሃል?» የሚለን፣ ቆሞ በየተራ።