ከበቅሎ ገብስ እስከ ግድግዳ ሶኬት

የሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረጋቸውን ከመንዝ ይመዛሉ። ከነርሱ አንዱ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥታቸውን በኤሌክትሪክ ያበሩት በ1890 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ በ1900 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል አዲስ አበባ አደረሰላቸው። መብራትና መኪና በአንድ ንጉሥ ዘመን ቢመጡም በአገራችን እስኪጋቡ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ፤ መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉን ያስታወቀው በ2016 ዓ.ም. ነው።

የጥንቱ የመንዝ መንገደኛ በቅሎው ማታ ገብስ ካላገኘች በማግስቱ የጣርማ በርን ዳገት እንደማትወጣ ያውቅ ነበር። የኤሌክትሪክ መኪናም እንደዚያው ነው፤ ቀለቡ የሚሰፈርለት በሚያድርበት ወይም በሚውልበት ደጅ ነው። ተራ የቤት ሶኬት በ220 ቮልትና በ10 አምፔር የሚሰጠው 2.2 ኪሎዋት ብቻ ስለሆነ፣ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ለመሙላት 23 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ባለ 7 ኪሎዋቱ ቻርጀር ግን በአንድ ሌሊት፣ በመሥሪያ ቤትም በአንድ የሥራ ቀን ይጨርሰዋል። እርሱም በፈንታው ወፍራም ሽቦ፣ የመሬት መስመርና አቅም ያለው ቆጣሪ ይሻል።

ብርዱና ዳገቱ ባትሪ ይበላሉ። ኢጣሊያኖች ጣርማ በርን በዋሻ ቢበሱትም ደጋው ዝቅ አላለም። ከዚያ ወደ መሐል ሜዳ ለሚታጠፈው ባለመኪና የጉዞው ነገር የሚቆረጠው በሞተሩ ጉልበት ሳይሆን በዘመዱ ግድግዳ ላይ ነው። ገብስ በየጎተራው ነበረ፤ ኤሌክትሪክ ግን ገና በየቤቱ አልገባም።