አደራ የጠበቀው እንግዳ

እናንተ የጣና ዳር ልጆች፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ገና በደረሰ ቁጥር ሜዳ ወጥታችሁ ሩር የምትለጉ ሁሉ ይህ ታሪክ አይጠፋችሁም።

እንግሊዞች ክሪኬት የሚሉት ጨዋታ አላቸው፤ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይለጋል። በዚህ ጨዋታ ስሙ የሚነሣ ቴሲጀር የሚባል ቤተሰብ ነበር። ታላቅየው ፍሬድሪክ ለኦክስፎርድና ለሚድልሴክስ ተጫወተ፣ ከዚያም የሕንድ እንደራሴ ሆነ። ታናሽየው ዊልፍሬድ ጊልበርት ደግሞ በ1902 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ ወደ አገራችን መጣ።

ያን ጊዜ ባቡሩ ከድሬዳዋ አያልፍምና፣ አዲስ ሙሽራውን ካትሊንን ይዞ በበቅሎ ተነሣ፤ በቀን የቆላውን ሐሩር፣ በሌሊት የደጋውን ውርጭ እየቻለ፣ ሲመሽ ድንኳን እየተከለ፣ ሲነጋ እየነቀለ አዲስ አበባ ገባ። አጤ ምኒልክ በጠና ታመው ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ጎጆ ወንድ ልጅ ወለደ፤ በራሱም ስም ዊልፍሬድ አለው።

መቼም ሰውየው የመጣው ለመንግሥቱ ጥቅም ነው። ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. በፈረሙት ውል፣ ያለ እንግሊዝ ስምምነት የጣናንና የዓባይን ውኃ የሚገታ ሥራ እንዳይሠራ ተጽፏል። የዚያ ውል ጠባቂም እሱ ነበር።

ከዚያ 1909 ዓ.ም. ጠባ፣ በመስቀል ዕለት የምኒልክ ወራሽ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩ፣ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤልም የወሎን ጦር አስከትለው ወደ ሸዋ ገሠገሡ። አልጋ ወራሽ የሆኑት ራስ ተፈሪ ነገሩ ቢከፋስ ብለው አሰቡና፣ ሦስት ወር እንኳ በቅጡ ያልሞላውን ልጃቸውን አስፋ ወሰንን ለቴሲጀር አደራ ሰጡ። ሕፃኑን ታቅፈው አመጡት፣ ሰውየውም ተቀበለና ከገዛ ልጆቹ ጋር አስጠለለው። ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ ደም ፈሰሰ፣ ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ፣ ሕፃኑም በደኅና ወደ ወላጆቹ ተመለሰ። የስድስት ዓመቱ ትንሹ ዊልፍሬድም የድሉን ሰልፍ ጃንሜዳ ቆሞ አየ፤ ሽማግሌው ንጉሥ በሰንሰለት ታስረው ሲያልፉም አየ።

ቴሲጀር በ1912 ዓ.ም. ጥር ላይ በአገሩ ሳለ ድንገት ሞተ፤ ገና 48 ዓመቱ ነበር። ራስ ተፈሪ ግን ውለታውን አልረሱም፤ በ1923 ዓ.ም. ሲነግሡ ልጁን ጠርተው በክብር አስተናገዱት። ጠላት አገራችንን በያዘ ጊዜም ያ ልጅ በ1933 ዓ.ም. እዚሁ ጎጃማችን ላይ ከአርበኞቻችን ጋር ተሰልፎ ተዋጋ።

የፍሬድሪክ ስም በክሪኬት መዝገብ ላይ አለ፤ የታናሽየው ስም በእኛ ዘንድ የሚነሣው በአደራው ነው። በውኃችን ላይ ውል ያሰረው መንግሥት ነበር፤ ሕፃኑን የተቀበለው ግን ሰው ነው። ሁለቱንም ሳትደባልቁ ለልጆቻችሁ ንገሩ።